ጮክ ብሎ መምረጥ፦ የአንድ የዌልስ ገጠር የምርጫ ታሪክ

«ማንን ትመርጣለህ?»

ገበሬው ከጠረጴዛው ፊት ቆሟል። ጸሐፊው ስሙንና የሚያርሰውን እርሻ ከመዝገቡ ጋር አመሳክሮ፣ ብዕሩን እንደያዘ መልስ ይጠብቃል። በግራና በቀኝ የዕጩዎቹ ወኪሎች የየራሳቸውን ዝርዝር ዘርግተዋል። ከወኪሎቹ ጋር ብዙ ጊዜ የባላባቱ ምስለኔ አይጠፋም። ገበሬው ኪራይ የሚከፍለው ለዚህ ሰው ነው፤ ጣሪያው ሲያፈስ፣ አጥሩ ሲፈርስ ደጅ የሚጠናውም እሱን ነው። አሁን ሁሉም እየሰማ የአንዱን ዕጩ ስም በቃሉ መጥራት አለበት። የተናገረው ከስሙ ትይዩ ይጻፋል፤ መዝገቡም በኋላ በመጽሐፍ መልክ ታትሞ ለገዛ ሁሉ ሊሸጥ ይችላል።

ብሪታንያ ውስጥ እስከ 1872 ድረስ ድምፅ የሚሰጠው እንዲህ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ያ አሠራር እንዲቀር ካደረጉት ቦታዎች አንዱ በምዕራብ ዌልስ የሚገኝ፣ በግና ከብት የሚረባበት፣ በአንድ ወገን ባሕር በሌላው ተራራ የከበበው ገጠር ነው። እንግሊዞች ለረጅም ጊዜ ካርዲጋንሻየር ብለውታል፤ ነዋሪው ኬሬዲጊዮን ይለዋል። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ 71 ሺህ ያህል ሰው ብቻ የሚኖርበት፣ ከነዋሪውም 45 በመቶው የዌልስን ቋንቋ የሚናገርበት አውራጃ ነው። ወደ ለንደን ፓርላማ ተወካይ መላክ የጀመረው በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በሄንሪ 8ኛ ዘመን ነው። የምርጫ ታሪክ ሲነገር የጠቅላይ ሚኒስትሮችና የፓርቲዎች ታሪክ ይቀድማል። እኔ ግን ድምፅ ምን ያህል እንደሚከብድ ማወቅ የፈለገ ሰው አንድ የምርጫ ክልል ይዞ ከሥር ጀምሮ ቢከተል ይሻላል ባይ ነኝ። ኬሬዲጊዮንን የመረጥኩትም ለዚህ ነው።

ለብዙ ዘመን መቀመጫው የጥቂት ቤቶች ነበር። የትራውስጎይዶቹ ቮኖች፣ የናንቴዮሶቹ ፓወሎች፣ የጎገርዛኖቹ ፕራይሶች ሥልጣኑን እየተቀባበሉ ኖሩ። ከናንቴዮስ ቤት የሆነው ዊልያም ኤድዋርድ ፓወል ከ1816 እስከ 1854፣ ማለትም 38 ዓመት፣ አውራጃውን ወክሏል። የትራውስጎይድ ርስት ብቻውን ከ40 ሺህ ኤከር በላይ ነበር። ባላባቶቹ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች፣ የመንግሥቱ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን አባላትና በአብዛኛው ወግ አጥባቂዎች ነበሩ። ጭሰኛው በቤቱም በገበያውም የሚናገረው ዌልስኛ ነው፤ እሁድ የሚሄደውም ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ተነጥለው ወደቆሙት የሜቶዲስት፣ የባፕቲስትና የዩኒቴሪያን ጸሎት ቤቶች ነው። ቋንቋ፣ ሃይማኖትና መሬት በአንድ መስመር ሲከፍሉ ፖለቲካውም ውሎ አድሮ በዚያው መስመር መከፈሉ አይቀርም። ጭሰኛው ግን ያን ሐሳቡን በሆዱ ይዞ፣ ድምፁን ለጌታው ሰው እየሰጠ ኖሯል።

በ1867 የወጣው የምርጫ ማሻሻያ ሕግ በአውራጃዎች የመራጩን ቁጥር አሰፋ፤ ዓመታዊ ግምቱ 12 ፓውንድ የሚደርስ ይዞታ ያለው ተከራይ የመምረጥ መብት አገኘ። በቀጣዩ ዓመት በተደረገው ምርጫ ከትራውስጎይድ ቤተሰብ ኤድመንድ ማሌት ቮን ለወግ አጥባቂዎቹ ቀረበ። ሊበራሎቹ ያቆሙት ደግሞ ከስዋንዚ ከተማ የመጣውን ባለ ኢንዱስትሪና ባፕቲስት ኢቫን ማቲው ሪቻርድስን ነው። ሪቻርድስ 2,074 ድምፅ አገኘ፤ ቮን 1,918። ልዩነቱ 156 ነው።

156 ሰው ብዙ አይደለም፤ በአንድ የገጠር ጸሎት ቤት ውስጥ ተጨናንቆ ሊቀመጥ የሚችል ሕዝብ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ድምፅ በስም የታወቀ ነበር። በተከታዩ ዓመት መሬታችሁን ልቀቁ የሚለው ደብዳቤ በየእርሻው ይደርስ ጀመር። በካርዲጋንሻየር ቢያንስ 43 ጭሰኞች፣ በጎረቤቱ ካርማርዘንሻየርም 26 ያህል ለሊበራል በመምረጣቸው ተነቀሉ ተብሎ ተመዘገበ። ኪራይ የተጨመረባቸው ደግሞ ሌሎች ነበሩ።

ይህ ቅጣት ምን ያህል እንደነበር ለመረዳት የጭሰኝነቱን ውል ማየት ያስፈልጋል። አብዛኛው ገበሬ መሬቱን የያዘው ከዓመት ዓመት በሚታደስ ውል ነው። ብዙ ጊዜ አባቱም አያቱም ያንኑ መሬት አርሰዋል፤ ያ ግን በሕግ ፊት ዋስትና አይሆነውም። ድንጋዩን ለቅሞ ካብ የካበ፣ ረግረጉን ያጠነፈፈ፣ ጎተራ የሠራ ሰው ሲባረር ካሳ የሚያገኝበት አስገዳጅ ሕግ አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ሕግ የወጣው በ1883 ነው። ስለዚህ የልቀቅ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ቤቱንም፣ የዕድሜ ልክ ድካሙንም ትቶ ነበር የሚወጣው። ሌላ ባላባት ዘንድ ሄዶ መሬት እንዳይጠይቅ ባላባቶቹ ይተዋወቃሉ። በየአካባቢው ለተባረሩት ገንዘብ ተዋጣ፤ በአበሪስትዊዝ ከተማም ስብሰባ ተጠርቶ የመረዳጃ ገንዘብ ተቋቋመ።

ነገሩን ለንደን ያደረሰው የዚያው አውራጃ ልጅ ነው። ሄንሪ ሪቻርድ በ1812 ትሬጋሮን በምትባል ትንሽ የገበያ ከተማ ተወለደ፤ ለረጅም ዓመታት የሰላም ማኅበር ጸሐፊ ሆኖ በአውሮፓ ዙሪያ ጦርነትን ሲቃወም ኖረ። በ1868 መርዘር ከሚባለው የብረት ከተማ ተመርጦ ፓርላማ ገብቶ ነበር። በ1869 የተባረሩትን ጭሰኞች ጉዳይ በምክር ቤቱ ፊት አቀረበ። ጥያቄው በሚስጥር ድምፅ የመስጠት መብት ነበር፤ ጥያቄው አዲስ አልነበረም፣ ለአሥርተ ዓመታት ሲነሳና ሲወድቅ ኖሯል። የዌልስ ጭሰኞች ጉዳይ ግን ክርክሩን ከመርህ ወደ ማስረጃ አወረደው። በ1872 የሚስጥር ድምፅ ሕግ ጸደቀ። የሄንሪ ሪቻርድ ሐውልት ዛሬ በትሬጋሮን አደባባይ ቆሟል።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያበቃ ደስ ባለን ነበር፤ ግን አላበቃም። በ1874፣ በመጀመሪያው የሚስጥር አጠቃላይ ምርጫ፣ በካርዲጋንሻየር ያሸነፈው ባለርስቱ ወግ አጥባቂ ቶማስ ኤድዋርድ ሎይድ ነበር። ሪቻርድስ ተሸነፈ። ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ምክንያት ያነሳሉ፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ፍርሃቱን አያለሁ። ሕግ በአንድ ቀን ይጸድቃል፤ ሰው በሕጉ ለማመን ግን ጊዜ ይፈልጋል። ጎረቤቱ ከአምስት ዓመት በፊት ከነልጆቹ ሲባረር ያየ ገበሬ፣ የምርጫ ሳጥኑ መቆለፉን ቢነገረውም፣ መሬቱ አሁንም የጌታው መሆኑን አልረሳም።

ያ ፍርሃት መሠረት እንደነበረው ለማየት ወደ ላንደሲል አካባቢ መሄድ ነው። ልዊንርሂዶዌን በምትባል ቦታ የዩኒቴሪያኖች ጸሎት ቤት ነበር። አገልጋዩ ዊልያም ቶማስ፣ በብዕር ስሙ ግዊልም ማርልስ፣ ገጣሚ፣ አስተማሪና ሰባኪ ነው። ለገጣሚው ለዲላን ቶማስ የአያት ወንድም ነው፤ የዲላን የመካከል ስም ማርሌይስም ከእሱ የተወሰደ ነው። ማርልስ በ1868 ለሊበራሎቹ በግልጽ ከቆሙት አንዱ ነበር። ምዕመናኑ ጭሰኞች ናቸው፤ ጸሎት ቤቱ የቆመውም የአልትሮዲን ርስት ባለቤት በሆነው ወጣት ባላባት መሬት ላይ ነው።

በ1876 የባላባቱ ምስለኔ ውሉ ተጥሷል አለ። ጸሎት ቤቱ በሰንሰለት ተዘጋ፤ መቃብሩ ሳይቀር አብሮ ተከለከለ። በጥቅምት ወር አንድ እሁድ ማርልስ ከተዘጋው በር ውጭ፣ መንገዱ ላይ ቆሞ ሰበከ። የተሰበሰበው ሕዝብ ሦስት ሺህ ያህል ነበር ይባላል። እነዚህ ሰዎች ከየእርሻው በእግርም በጋሪም የመጡ ናቸው፤ አያቶቻቸው የተቀበሩት ከዚያ አጥር ውስጥ ነው። ዜናው ከዌልስ አልፎ ተሰማና ለአዲስ ጸሎት ቤት ገንዘብ ከየቦታው መጣ። ማርልስ ግን ጤናው ቀድሞውኑ ደካማ ነበር። አዲሱ ጸሎት ቤት በ1879 ሲመረቅ እሱ አልነበረም፤ በ45 ዓመቱ ዐረፈና በአዲሱ ቅጥር ግቢ በመጀመሪያ የተቀበረው እሱ ሆነ። ባላባቱም ከሞተ በኋላ እህቱ የቀድሞውን ጸሎት ቤት ለምዕመናኑ መለሰች። አሮጌው ሕንፃ ዛሬም በቅርስነት ተጠብቆ አለ።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የተገለበጠው። በ1880 ሊበራሉ ሉዊስ ፒው ፒው አሸነፈ። በ1884 የወጣው ሕግ ደግሞ በገጠር ያለውን አባወራ በሰፊው መራጭ አደረገ። ከ1880 እስከ 1966፣ 86 ዓመት ሙሉ፣ ይህን አውራጃ የወከለ ሰው ሁሉ በአንድም ሆነ በሌላ መልኩ የሊበራልን ስም የያዘ ነበር። የባላባቶቹ ዘመን አለፈ፤ የጸሎት ቤቶቹ ዘመን መጣ።

ያ ማለት ግን ፉክክሩ ቀዘቀዘ ማለት አይደለም። በ1885 የተመረጠው ዴቪድ ዴቪስ ነበር። ከእንጨት መሰንጠቅ ተነስቶ የባቡር ሐዲድ የዘረጋ፣ የድንጋይ ከሰል ማዕድን የከፈተ፣ ባሪ የተባለውን ታላቅ ወደብ ያሠራ፣ ለአበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲ መቋቋም ከረዱት ቀዳሚ ሰዎች አንዱ የሆነ ባለጸጋ ነው። በተመረጠ በዓመቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን ለአየርላንድ የራስ አስተዳደር ይሰጥ የሚል ሕግ አቀረበ። ዴቪስ ተቃወመ፤ ከፓርቲው ተለየ። በ1886 ምርጫ የግላድስተን ወገን የሆነው ዊልያም ቦወን ሮውላንድስ 4,252 ድምፅ ሲያገኝ ዴቪስ 4,243 አገኘ። በዘጠኝ ድምፅ ተሸነፈ። የአካባቢው ሕዝብ ሀብቱን ያውቃል፤ ልግስናውንም ያውቃል። ግን በዚያ ዓመት የጠየቁት ከማን ጋር እንደቆመ ነበር። ከ1868 ወዲህ በ18 ዓመት ውስጥ ለውጡ እዚህ ደርሶ ነበር፤ ከአውራጃው ባለውለታዎች አንዱን ገበሬው በሚስጥር ድምፁ ጣለው፣ ማንም ከመሬቱ አልተነቀለም።

የዚህ ተሸናፊ ስም ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋርም ይገናኛል፤ በልጅ ልጁ በኩል። ሎርድ ዴቪድ ዴቪስ ከሁለቱ እኅቶቹ ጋር ሆኖ በ1919 በአበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲ በዓለም የመጀመሪያውን የዓለም አቀፍ ፖለቲካ ትምህርት ክፍል አቋቋመ። በዌልስ የመንግሥታት ማኅበር ደጋፊዎችን የመራውም እሱ ነው። በ1934 እና በ1935 የማኅበሩ ደጋፊዎች በመላ ብሪታንያ ቤት ለቤት የሰላም ድምፅ ሰበሰቡ፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ ሌላውን አገር የወረረ መንግሥት በኢኮኖሚ ማዕቀብና ካስፈለገም በጦር ይገታ ወይ የሚል ነበር። 11 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው መለሰ። በዌልስ ከጎልማሳው ሕዝብ ከግማሽ በላይ በመሳተፉ ከሌላው የብሪታንያ ክፍል ሁሉ ላቀ። ውጤቱ በሰኔ 1935 ሲታወጅ ሙሶሊኒ ጦሩን ወደ ኤርትራ እያጓጓዘ ነበር። ያ ድምፅ የብሪታንያ መንግሥት ቢያንስ በይፋ ከማዕቀቡ ጎን እንዲቆም ገፍቶታል። ኋላ መንግሥታቱ ኢትዮጵያን እንደተዉአት እናውቃለን፤ በእነዚያ መንደሮች በር እያንኳኩ ድምፅ የሰበሰቡት ሰዎች ግን ድርሻቸውን ተወጥተዋል።

ወደ አውራጃው ልመለስ። ከ1895 ጀምሮ 26 ዓመት ያህል መቀመጫውን የያዘው ማቲው ቮን ዴቪስ ነበር፤ ራሱ ባለርስት፣ ቀደም ሲል በወግ አጥባቂነት የተወዳደረ ሰው። በ1921 ወደ ላይኛው ምክር ቤት ሲሻገር የተጠራው የማሟያ ምርጫ ቤተሰብ ከቤተሰብ ያጣላ ሆነ። ሊበራሎቹ ለሁለት ተሰንጥቀው ነበር። የጠቅላይ ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅ የግል ጸሐፊ የነበረው የአበሪስትዊዙ ልጅ ኧርነስት ኢቫንስ በአንድ ወገን፤ በግዳጅ ውትድርናና በአየርላንድ ጉዳይ ከቀድሞ ወዳጁ ከሎይድ ጆርጅ ጋር የተቆራረጠው ልዌሊን ዊልያምስ በሌላው ወገን። ሁለቱም ዌልሳውያን፣ ሁለቱም ሊበራሎች። በአንድ ጸሎት ቤት አጠገብ ለአጠገብ የሚቀመጡ ሰዎች ተለያዩ። ሴቶች ድምፅ ካገኙ ሦስተኛ ዓመታቸው ነበርና የጠቅላይ ሚኒስትሩ ባለቤት ማርጋሬት ሎይድ ጆርጅ በክረምቱ ብርድ ከመንደር መንደር እየዞሩ በዌልስኛ ቀሰቀሱ። ኢቫንስ ከ3,500 በላይ ድምፅ በልጦ አሸነፈ። ድሉ ግን አልጸናም፤ በ1923 ሪስ ሆፕኪን ሞሪስ ከሌላው የሊበራል ወገን ተነስቶ ጣለው።

በዚህ መሐል ከምርጫው ይልቅ የሚበልጥ ነገር ተከናውኖ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎና በተለይ ከጦርነቱ በኋላ፣ ባላባቶቹ ግብርና ዕዳ ሲከብዳቸው ርስታቸውን እየሸነሸኑ ሸጡ። ገዢው በአብዛኛው ጭሰኛው ራሱ ነበር። ተበድሮም ቢሆን የሚያርሰውን መሬት በስሙ አደረገ። በእኔ እምነት የ1872ቱ ሕግ ሥራ የተጠናቀቀው ያኔ ነው። ድምፅን በሳጥን መደበቅ አንድ ነገር ነው፤ ቤትህንና እህልህን የሚነጥቅህ ጌታ አለመኖሩ ሌላ ነው። ሁለቱ አብረው ሲመጡ ነው ገበሬው የልቡን የሚመርጠው። አንዱ ብቻውን የቀረበት ቦታ ሁሉ ምርጫው ገና ያልተጨረሰ ሥራ ነው።

ቀሪውን በአጭሩ ልንገር። ሮድሪክ ቦወን ከ1945 ጀምሮ ለሊበራሎቹ 21 ዓመት ያዘው። በ1966 ከዌልስ ብሔርተኞቹ ፓርቲ ወደ ሌበር ፓርቲ የተሻገረው ጠበቃ ኤለስታን ሞርጋን በ523 ድምፅ ነጠቀው። በ1974 የበግ አርቢው ጌራይንት ሃወልስ ለሊበራሎቹ መለሰው። በ1992 ደግሞ በ1987ቱ ምርጫ አራተኛ ወጥቶ የነበረው የዌልስ ብሔርተኞች ፓርቲ፣ ፕላይድ ከምሪ፣ መምህሩን ከኖግ ዳቪስን አቅርቦ በአካባቢው ካሉ የአረንጓዴ ፓርቲ አባላት ጋር በመተባበር አንደኛ ወጣ። ከአራተኛነት አንደኛ መሆን በብሪታንያ ምርጫ የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ነው። በ2005 የሊበራል ዴሞክራቱ ማርክ ዊልያምስ በ219 ድምፅ ወሰደው። በ2017 የ24 ዓመቱ የላምፒተር ልጅ ቤን ሌክ ለፕላይድ በ104 ድምፅ አስመለሰው።

የ2017ቱን ውጤት ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። ቤን ሌክ 11,623፣ ማርክ ዊልያምስ 11,519 አገኙ። አሸናፊው ከተሰጠው ድምፅ 30 በመቶ እንኳ አልሞላም፤ ከ10 መራጮች ሰባቱ ሌላ ሰው መርጠዋል። በአንድ የምርጫ ክልል ብዙ ያገኘ ሁሉን ይወስዳል የሚለው ሥርዓት የሚያመጣው ይህን ነው፤ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 54 የመረጠው ይህንኑ ሥርዓት ነው። እንዲህ ባለው ሥርዓት ውስጥ «የኔ ድምፅ ምን ይለውጣል» የሚል ሰው ቢያንስ በኬሬዲጊዮን ተሳስቷል፤ የድምፅ ልዩነቶቹ 9፣ 523፣ 219፣ 104 ነበሩ። በሌላ በኩል በአራት የተከፈለ ድምፅ አብላጫውን ሕዝብ ያለ ወኪል ሊያስቀር እንደሚችልም ይኸው አውራጃ ያሳያል። ቤን ሌክ በ2024 ኬሬዲጊዮን ፕሬሴሊ ተብሎ ወሰኑ በሰፋው ክልል በ14,789 ድምፅ ብልጫ ተመርጧል፤ እንዲህ ያለ ሰፊ ድል ግን በዚህ ቦታ ልማድ አይደለም።

የሚስጥሩም ጉዳይ ገና አልተዘጋም። የብሪታንያ ፓርላማ በ2023 ሌላ ሕግ አውጥቶ፣ መራጩ ድምፅ ወደሚሰጥበት ከለላ ተከትሎ ገብቶ ወይም አጠገቡ ቆሞ በምርጫው ላይ ተጽዕኖ ለማድረግ መሞከርን ወንጀል አድርጓል። የመጀመሪያው ሕግ ከወጣ 151 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ዛሬ አጠገብ የሚቆመው ምስለኔ አይደለም፤ የቤተሰብ አባል ወይም የማኅበረሰብ ሽማግሌ ሊሆን ይችላል።

በዌልስ ለምትኖሩ ወገኖቼ አንድ ነገር ልበል። ለለንደኑ ፓርላማ ለመምረጥ ለኢትዮጵያውያን የብሪታንያ ዜግነት ያስፈልጋል። ለዌልስ ምክር ቤት፣ ለሰኔድ፣ እና ለአካባቢ አስተዳደር ምርጫ ግን ሕጉ ተለውጧል፤ ዕድሜው 16 የሞላውና በሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ ዌልስ ውስጥ የሚኖር የውጭ አገር ዜጋ መምረጥ ይችላል። ብዙ ሰው ይህን መብት እንዳለው ሳያውቅ ያልፈዋል። ስማችሁን በምትኖሩበት የአካባቢ አስተዳደር የመራጮች መዝገብ አስገቡ፤ ልጆቻችሁም 16 ሲሞላቸው እንዲመዘገቡ አድርጉ።